ያልተቀቀለ ቤግል? እሱማ ዳቦ ነው

የሰፈራችን ምግብ ቤት ሰሞኑን በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ከእንግዲህ ለሳንድዊች የሚሆነውን ቤግል፣ ማለትም መሃሉ ቀዳዳ ያለውን ክብ ዳቦ፣ ከመጋገሩ በፊት በውሃ አይቀቅልም፤ እንፋሎት በሚለቅ ምድጃ ብቻ ይጋግረዋል። ቀዳዳውንም «ምግቡ እንዳይፈስ» ብሎ ደፍኖታል ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ደግሞ ለጠየቃቸው ሁሉ «ደንበኛ የሚፈልገው መሃሉ የሚገባውን ምግብ ነው፤ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም» ይላሉ።

ከቀዳዳው እንጀምር። እስከ ዛሬ በቤግል ቀዳዳ ሾልኮ የጠፋ እንቁላል አይቼ አላውቅም። ቀዳዳው ሊጡ መሃል ድረስ እኩል እንዲበስል ያደርጋል። ለሳንድዊች ሲሆን ደግሞ አይቡ ቀልጦ ይደፍነዋል፣ አለቀ። ይሄም ችግር ተብሎ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል?

«ማንም አያውቀውም» ለተባለው፣ እኔ አውቄዋለሁ። አዲሱን አዝዤ በላሁት። መሃሉማ ጢም ብሏል፤ እንቁላል፣ አይብ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት። ገና ስገምጠው ዳቦው ጭብጥ አለና አቮካዶው በጎን ወጣ። አስኳሉ ፈንድቶ ታችኛው ግማሽ እንደ ስፖንጅ መጠጠው። ግማሹን ሳልጨርስ ተቦጨቀ። የቀረውን በሹካ ለቀምኩት።

ይህ የሆነው ስላልተቀቀለ ነው። የቤግል ሊጥ ውሃው ያነሰ፣ ዱቄቱ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ለማሸት እጅ የሚያደክም ሊጥ ነው። ተድቦልቡሎ ብርድ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ብቅል ወይም ማር የገባበት የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይነከራል። ያቺ ደቂቃ ናት ሁሉን ነገር የምትሠራው። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ያብጥና ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ሊጡ ምድጃ ውስጥ እንዳሻው እንዳይነፋ ይይዘዋል። ስለዚህ ውስጡ ጥቅጥቅ ይላል፣ ሲታኘክ ጥርስ ይይዛል፣ ላዩ ያብረቀርቃል። አስኳልና ስጎ ቶሎ የማያልፉትም በዚሁ ቆዳ ምክንያት ነው። እንፋሎት ላዩን ትንሽ ያብረቀርቀው ይሆናል፤ ሊጡ ግን ተነፍቶ ይለሰልሳል። መሃሉ የተጨናነቀ ሳንድዊች ደግሞ ጠንካራ ተሸካሚ ይፈልጋል። መሃሉን እንወዳለን የሚሉ ሰዎች ተሸካሚውን ማዳከማቸው አይገርምም?

ኒውዮርክና ሞንትሪያል በቤግል ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። ሞንትሪያል በማር ውሃ ቀቅሎ በእንጨት ምድጃ ይጋግራል፤ ቤግሉም ቀጠን፣ ጣፈጥ ያለ ነው። የኒውዮርኩ ወፍራም ነው። የትኛው ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ግን ይቀቅላሉ። «ዘመኑ የማሽን ነው» የሚለኝም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዳንኤል ቶምፕሰን የቤግል መሥሪያ ማሽን መጥቶ፣ ሎካል 338 በሚባለው የኒውዮርክ የሠራተኞች ማኅበር የታቀፉትን የቤግል ጋጋሪዎች የእጅ ሙያ ነጠቀ። ግን የነጠቀው ሊጡን መቅረጹን ነው። የመቀቀያውን ድስት አልነካም። ድስቱን ያነሳው ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ለስላሳው ጥርሱን ለሚያመው ሰው ይመቻል፤ ይሁን። ለእሱ የበርገር ዳቦ ሞልቷል።

ባለቤቱ ጊዜ መቆጠብ ከፈለጉ መብታቸው ነው። ሜኑው ላይ ግን «የእንቁላል ሳንድዊች በክብ ዳቦ» ብለው ይጻፉት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያውርዱት። እስከዚያው እኔ እንቁላሉን ብቻ በሳህን አዝዛለሁ።