የማይፈተሽ ነገር ጽፋችሁ «እመኑን» አትበሉ

እናንተ ብዕር ያነሣችሁ ወገኖች፣ ስሙን። አንባቢ ጠፋ፣ የሚያምነን አጣን እያላችሁ ታማርራላችሁ። ጽሑፋችሁ ሲገለጥ ግን የመጀመሪያው አንቀጽ «እንደሚታወቀው» ይላል፤ ሁለተኛው «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት»፤ ሦስተኛው «ብዙ ምሁራን እንደሚስማሙበት»። የትኛው ጥናት? ማን አጠናው፣ በስንት ሰው ላይ? የትኛው ምሁር፣ የት ተናገረው? አንባቢ ይህን በልቡ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ተቆጥቶ ደብዳቤ አይጽፍላችሁም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። እናንተም በእሱ ስንፍና ታሳብባላችሁ።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ንግግር ጥበብ ሲያስተምር ተናጋሪ እንዲታመን የሚያደርጉትን ሦስት ነገሮች ቆጥሯል፦ ማስተዋል፣ መልካም ምግባር፣ ለሰሚው ያለው በጎ ፈቃድ። እምነቱም ከንግግሩ ከራሱ መወለድ አለበት እንጂ ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ከተወራው መምጣት የለበትም ብሏል። ከስማችሁ ፊት ማዕረግ መደርደር የምትወዱ ይህን ልብ በሉ። በኬሚስትሪ የተገኘ ዲግሪ ስለ ታሪክ ለጻፋችሁት ምስክር አይቆምም።

ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት ቁጥር ላይ ነው። «በእጥፍ ጨመረ» ትላላችሁ። ከስንት ተነሥቶ? ከ1 ወደ 2 መሄድም እጥፍ ነው፣ ከ10,000 ወደ 20,000 መሄድም እጥፍ ነው። መነሻውን የደበቀ ቁጥር ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። ከመቶ 4 የነበረው 6 ሲሆን «በ2 በመቶ አደገ» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል፤ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፣ ከመነሻው አንጻር ሲሰላ ደግሞ 50 በመቶ ነው። «ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ» ብላችሁ አስቀምጡትና አንባቢው ራሱ ያስላ። አማካይም እንዲሁ ያታልላል፦ ዘጠኝ ሰዎች 10፣ 10 እያገኙ ዐሥረኛው 910 ቢያገኝ አማካዩ 100 ነው፤ ከዐሥሩ ግን 100 ያገኘ አንድም የለም። ዓመት ስትጽፉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ። በእኛ ቋንቋ ይህን መዝለል ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስታል፤ ስንት ጽሑፍ በዚህ ተበላሽቷል!

በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው ሰውዬው ያለው ቃል ብቻ ነው። ሐሳቡን እንጂ ቃሉን የማታስታውሱ ከሆነ ምልክቱን አንሡና በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። ከመሐል የቆረጣችሁት ካለ በሦስት ነጥብ አሳዩ፤ የጣላችሁት «ካልሆነ በቀር» የሚለውን ሐረግ ከሆነ ግን ሦስት ነጥብም አያድናችሁም፣ ንግግሩን አጣማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው ጸሐፊ ጆና ሌረር ሙዚቀኛው ቦብ ዲላን ያላለውን «ብሏል» ብሎ በመጽሐፉ መጻፉ ታወቀ። ያጋለጠው ሌላ ጋዜጠኛ «ምንጩን አሳየኝ» ብሎ ደጋግሞ መጠየቁ ነበር። አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበ፣ ጸሐፊውም ከመጽሔት ሥራው ለቀቀ። ከዚያም በፊት የአሜሪካው ጋዜጣ የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢ የነበረችው ጃኔት ኩክ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ አንድ የ8 ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ልጅ ጽፋ በ1981 በአገሯ ጋዜጠኞች ዘንድ ትልቅ ክብር ያለው የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጣት፤ ልጁ ግን በእውን ያልነበረ ፈጠራ ነበርና ሽልማቱ ተመለሰ። ነገሩ የተፈታው ከየት ነው ብትሉ፣ ስለ ራሷ ትምህርት ከጻፈችው። ያላገኘችውን ዲግሪ አስመዝግባ ስለነበር እሱ ሲጣራ ታሪኩም አብሮ ተጣራ። ስለ ራሳችሁ የምትጽፏት ባለ ሁለት መስመር መግቢያም ትፈተሻለች ማለት ነው።

ረቂቁ ካለቀ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ በወረቀት አትሙትና የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀን፣ ቁጥርና ጥቅስ ሁሉ ይሰመርበት። ከዚያ አንድ በአንድ ከምንጩ ጋር አመሳክሩ። ከማስታወሻ ደብተራችሁ ጋር አይደለም፤ ስትገለብጡ ተሳስታችሁ ከሆነ ስህተቱ እዚያም ተቀምጧል። ሦስት ጋዜጦች ጻፉት ማለት ሦስት ምንጭ አለ ማለት አይደለም፤ ሦስቱም ከአንድ የዜና ወኪል ቀድተውት ይሆናልና እስከ መነሻው ውረዱ። ምንጭ ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ይውጣ፣ የቱንም ያህል ቢያምር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጸሐፊ ልቡ የሚሳሳው፤ የሚወጣው ዘወትር በጣም የወደደው ነውና።

ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ነገሩኝ»፣ የገመታችሁትን «ይመስለኛል» በሉ። ሁሉን በአንድ ድምፅ የሚያውጅ ጸሐፊ አንዱ ነገር ሲፈርስበት እርግጠኛ የሆነበትም አብሮ ይፈርስበታል። «እጅግ በጣም» የሚለውን ደግሞ ተዉት።

አንባቢን መቅረብም በማቆላመጥ አይመጣም። «ውድ አንባቢያን» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ያልፈታችሁትን የሙያ ቃል በየመስመሩ ብትደረድሩ ሰላምታው ምን ይጠቅማል? ለ«ሕዝብ» አትጻፉ። ጉዳዩን የማያውቅ ነገር ግን ብልህ የሆነ አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናችሁ አስቀምጡና ለእሱ ጻፉ። የሙያው ቃል መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ላይ በግማሽ መስመር ይፈታ። ከመታተሙ በፊትም እንዲህ ላለ ሰው ስጡት፤ «ወደድከው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ በይሉኝታ «ግሩም ነው» ይላችኋል። «ምን ይላል? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። አሳስቶ የሚነግራችሁ አንቀጽ ካለ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁም አንብቡት፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዐረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ሲያሟሙቅ የጻፋቸው ናቸውና ከሦስተኛው ጀምራችሁ ሞክሩት።

የምትቃወሙትን ሐሳብ ስታቀርቡ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በጠንካራ መልኩ አቅርቡት፤ ከዚያ መልሱ። ደካማውን መርጣችሁ የምትደበድቡ ከሆነ ጉዳዩን የሚያውቀው አንባቢ ወዲያው ይለያችኋል፤ ልታሳምኑት የሚገባውም እሱ ነበር። የምትጽፉት ስለ አንድ ድርጅት ወይም ዕቃ ሆኖ ከእሱ ጥቅም የምታገኙ ከሆነ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ ተናገሩ። ከታች በደቃቅ ፊደል መወሸቅ ከመደበቅ አይለይም።

ስህተት ሲገኝባችሁ ደግሞ በጓዳ ቀይራችሁ ዝም አትበሉ። የተሳሳተው ምን እንደነበር፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነና መቼ እንደታረመ ስህተቱ በወጣበት ቦታ ላይ ጻፉ። «አንዳንድ ግድፈቶች ተፈጥረው ይሆናል» የሚለው እርማት አይደለም፤ ማን ምን እንደተሳሳተ አይናገርም። ስህተቱን ለጠቆማችሁ አንባቢ መልሱለት፣ ከፈቀደም በእርማቱ ላይ ስሙን ጥቀሱለት።