ክርክር፦ በሲ ኮድ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ያዋጣል?

ለገሃር አካባቢ ያለ ፎቅ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር አለ። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ትንሽ መሣሪያ መጠኑን እየለካ በሬዲዮ ይልካል። መልእክቱ አንድ ባይት ዓይነት፣ አራት ባይት ሊትር፣ አንድ ባይት ባትሪ ነው። በጣት ሲቆጠር 6። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጠን የሚነግረን ሳይዝኦፍ ግን 12 ይላል። ስትራክቱ (ሦስቱን አባላት አንድ ላይ የያዘው መዋቅር) ፓክ ይደረግ፣ ማለትም ትርፍ ባዶ ባይቶቹ ይውጡ? ሁለት ፕሮግራመሮች ይከራከራሉ፦ የፒያሳው ይደረግ ይላል፤ የሜክሲኮዋ አይደረግም ትላለች።

የፒያሳው፦ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ከመጀመሪያው ባይት ኋላ ሦስት ባዶ ይተዋል፣ ሊትሩ ለአራት በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ። መጨረሻ ላይም ሦስት ይጨምራል፣ በአሬይ (በተከታታይ ረድፍ) ሲደረደር ቀጣዩ እንዳይዛባ። ግማሹ አየር ነው እኮ! የሚላክ ባይት ሁሉ ባትሪ ይበላል። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንደሚለው፣ አንድ ቃል ጨምሬ 6 አደርገዋለሁ።

የሜክሲኮዋ፦ ወንድሜ፣ አየሩን እኔም አልወደውም። ግን ያ ቃልህ የሲ ቃል አይደለም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር በሌላ፤ ስታንዳርዱ ውስጥ የለም። ቦታ ከሆነ ያሳሰበህ፣ ሊትሩን አስቀድመህ ሁለቱን ባይቶች አከታትል፤ 8 ይሆናል። ሲ አባላቱን በራሱ አያቀያይርም፣ ያንተ ሥራ ነው።

የባሰውን ደግሞ ራሴ ቀምሼዋለሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለ ችግር የሄደ ኮድ ኮርቴክስ ኤም0 የተባለ አነስተኛ ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ላይ ስጭነው ድርቅ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስነካካ ዋልኩ፤ በመብራት መቆራረጥም አሳብቤ ነበር። ጥፋቱ አንድ መስመር ነው፦ ፓክ የተደረገውን ሊትር አድራሻ ለሌላ ፈንክሽን ሰጥቻለሁ። አባሉ በስሙ ሲጠራ ኮምፓይለሩ ሁኔታውን ስለሚያውቅ ባይት በባይት ያነበዋል። ፖይንተር (አድራሻ ብቻ) ሆኖ ሲሄድ ግን ያ መረጃ ይቀራል። ተቀባዩ ፈንክሽን ለአራት ከማይካፈል አድራሻ አራቱን ባይት ባንዴ ሊያነሳ ይሞክራል፤ ኤም0 ሃርድ ፎልት (ከባድ ስህተት) ብሎ ይቆማል። የላፕቶፑ ኢንቴል ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

የፒያሳው፦ እሱ የአጠቃቀም ጥፋት ነው። ጂሲሲ ከ9ኛው ቨርዥን ጀምሮ የፓክድ አባል አድራሻ ሲወሰድ ያስጠነቅቃል። ዋርኒንግ ሳያነቡ ቦርድ መውቀስ... ይቅርታ እህቴ! ወደ ተራ ቫሪያብል ገልብጠሽ የሱን አድራሻ ብትሰጪ አለቀ። መጠኑን ደግሞ ሲ በ2011 ባመጣው ስታቲክ አሰርት እቆልፈዋለሁ፤ 6 ካልሆነ ኮምፓይል አያደርግም።

የሜክሲኮዋ፦ የኔ ኮምፓይለር አሮጌ ነበር፣ ግን ይሁን። መጠኑን ቆለፍክ። የባይቶቹን ቅደም ተከተልስ? 1 ሊትር ብለህ ከትንሹ ባይት (የቁጥሩን ዝቅተኛ ክፍል ከያዘው) ጀምረህ ላክ። ከትልቁ የሚጀምር ማሽን ሲቀበለው 16,777,216 ሊትር ብሎ ያነበዋል። ይህን የሚችል ታንከር የትኛው ፎቅ ላይ ነው? ስታቲክ አሰርትህ ትንፍሽ አይልም፤ መጠኑ 6 ነዋ! እኔ ቁጥሩን በ8፣ በ16፣ በ24 ቢት ሺፍት እያደረግኩ (ቢቶቹን ወደ ጎን እያሸጋገርኩ) ባይት አሬይ ውስጥ አስገባዋለሁ። አራት መስመር ናት፤ የትኛውም ማሽን ላይ ያው ነው።

የፒያሳው፦ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። የኔ ላኪም ተቀባይም ከትንሹ የሚጀምሩ ስለሆኑ ነገሩ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ሊትሩን በሺፍት እጽፈዋለሁ። ሠላሳ ዓይነት መልእክት ሲኖር ግን ያን ሁሉ መስመር በእጄ አልጽፍም።

የሜክሲኮዋ፦ በእጅህ ጻፍ ማን አለህ? ስክሪፕት ይጻፈው።