ንግግር ለተዘጋበት ሰው፦ ቆቡ ወይስ ሰዓቱ?

ስትሮክ ንግግራቸውን የነጠቃቸውን፣ ማለትም አፌዢያ ያለባቸውን ሰዎች በአንጎልና ኮምፒውተር መገናኛ ማከም በሆስፒታሎቻችን ይጀመር ወይስ ይቆይ? አንድ የነርቭ ሐኪምና አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ሐኪሙ፦ «አባታችን ሆይ»ን ሳይደናቀፉ የሚደግሙ፣ ልጃቸውን ግን «ውሃ ስጪኝ» ማለት የተሳናቸው አባት አክሜያለሁ። ቃሉ ከውስጣቸው አልጠፋም፤ መንገዱ ነው የተቋረጠው። በጀርመን ፍራይቡርግ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ይህንኑ መንገድ ፈልጓል። ታካሚው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ትንሽ መዳሰሻ፣ ያለው ቆብ ያጠልቃል፤ የመጨረሻው ቃል የጎደለበት ዓረፍተ ነገር ይሰማል፤ ከዚያም ቃላት ተራ በተራ ሲነገሩ ትክክለኛውን ብቻ በልቡ ይጠብቃል። ቃሉ ሲደርስ አንጎሉ የሚያሳየውን ለውጥ ኮምፒውተሩ ይይዝና ማግኘቱን ይነግረዋል። ስትሮክ ከመታቸው ቢያንስ ስድስት ወር የሆናቸው 10 ሰዎች ለ30 ሰዓት ሠልጥነው ንግግራቸው ተሻሽሏል። አፍ ዝም ሲል የአንጎልን ጥረት የሚሰማ ሌላ ምን አለን?

ባለሙያዋ፦ ዶክተር፣ እንደ እኒያ አባት ካሉ ሰዎች ጋር ነው ቀኔን የማሳልፈው፤ የምቃወመውም ስለ እነሱ ነው። አሥሩ ሰዎች የተሻሻሉት በቆቡ ነው ወይስ በ30 ሰዓቱ? በዕጣ ተመድቦ የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ስላልነበረ ጥናቱ ሊነግረን አይችልም። እዚያው ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ግን 158 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ወዲያው ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ ከባለሙያ ጋር ተለማመደ፤ ተራ ይጠብቁ ከነበሩትም በንግግር በለጠ። ያባዙት፤ ያው 30 ሰዓት ነው፣ ያለ ቆብ።

ቋንቋውንም ያስቡ። የእኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግስ ነው። «እናቴ ቡና» ብለን ብናቆም የጎደለው «አፈላች» ነው፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሆነ፣ ሴት ይሁን ወንድ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ታጭቋል። «አፈላች»፣ «አፈላሽ»፣ «አፈላን» ደግሞ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ስለሆነ አንጎል ቃሉን የሚለይበት ቅጽበት ወደ ቃሉ ጫፍ ይሸሻል። መሣሪያውን ገዝተን ቃላቱን በመተርጎም ብቻ የምንወጣው ሥራ አይደለም። ኤሌክትሮዱ ከራስ ቆዳ ጋር መነካካት እንዳለበት፣ ሹሩባ የተሠራች እናት ጋም ይህ እንደሚያስቸግር ያውቃሉ።

ሐኪሙ፦ የግሱን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፤ ትክክል ነዎት። «ሰዓቱ እንጂ ቆቡ አይደለም» የሚለውን ግን አልቀበልም። በጀርመን ቱቢንገን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመውን ጥናት ይመልከቱ። ስትሮክ እጃቸውን ሽባ ያደረገባቸው 32 ሰዎች ነበሩ። በአንደኛው ቡድን እጅ ላይ የታሰረው መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው አንጎል እጁን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ነው፤ በሌላው ቡድን እንዲሁ በዘፈቀደ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለቱም ፊዚዮቴራፒ ያገኙ ነበር፤ እጁ በግልጽ የተሻሻለው የመጀመሪያው ቡድን ነው። ጥረቱና ምላሹ በአንድ ቅጽበት መገናኘታቸው ራሱ ያክማል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2021 በዚህ መርህ የሚሠራ የእጅ ማገገሚያ መሣሪያ ፈቅዷል።

ደግሞስ ያን ሁሉ ሰዓት ማን ይሰጣል? ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው። ቤተሰብ ይሸፍነው እንዳንል፣ በህንድ 1,250 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዘመዶችን አሠልጥኖ ማገገሚያውን ቤት ውስጥ ቢያሠራም ከስድስት ወር በኋላ ልዩነት አላገኘም። እንደ እርስዎ ያሉትን እስክናፈራ በዝምታ የሚቀመጡትን ሰዎች ምን እንበላቸው?

ባለሙያዋ፦ እሱ ጥያቄ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። የእጁን ጥናት አልክድም፤ ነገር ግን እጅ ቃል አይደለም። የህንዱ ጥናት ቤተሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል፤ ማሽን ይበቃል አይልም። ምርምር ከሆነ አብሬዎት እሠራለሁ፦ ግማሾቹ ቆቡን ያጥልቁ፣ ግማሾቹ ከእኔ ጋር ይቀመጡ፣ ሰዓቱ እኩል ይሁን፣ ከታካሚ ሳንቲም አይጠየቅ። የግሶቹንም ዝርዝር አዘጋጃለሁ። በሬ ሸጦ ከገጠር ለመጣ ቤተሰብ ግን ቆቡን የተረጋገጠ ሕክምና ብዬ አላቀርብም፤ እርስዎም እንዳያቀርቡ እለምንዎታለሁ።