ለቢሮ ኮምፒውተር መስፈርት ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ ተከታትሎ ማየትም ይልመድብን

ብዙ ቢሮ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አይቲው ዊንዶውስ ይጭናል፣ ክራኩን (ላይሰንስ ሳይገዛ እንዲሰራ የሚያደርገውን ህገወጥ ፕሮግራም) በፍላሽ ያመጣል፣ ክራኩ እምቢ ሲለው አንቲቫይረሱን ያጠፋና ይሞክራል፣ ከዛ መልሶ ሳያበራው ለሰራተኛው ያስረክባል። ሰራተኛው ደግሞ አድሚን (ማሽኑ ላይ የፈለገውን መጫንና መቀየር የሚችል) ሆኖ ነው የሚገባው፣ ፓስወርዱም ለሁሉም አንድ አይነት ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም እዛ ማሽን ላይ ያለው የሰው ደመወዝ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው የህክምና ፋይል ነው።

በፈረንጆቹ ሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ እስከማሰረዝ ሲያደርስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተሰራጨውም ኤስኤምቢ 1 በሚባል አሮጌ የፋይል መጋሪያ በኩል ነው፣ ብዙ ቦታ ማንም ሳያስፈልገው በርቶ የተተወ ነገር!

መስፈርቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የትኛው የደህንነት ሴቲንግ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚናገረውን ዝርዝር፣ ከዜሮ መጻፍ አይጠበቅብንም። ሲአይኤስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅትም ማይክሮሶፍትም ዝርዝሩን በነጻ ይሰጣሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ሴቲንግ ስላለው ሁሉንም ባንድ ቀን እንተግብር ካልን ስራ ይቆማል፣ ስለዚህ ሰራተኛ አድሚን እንዳይሆን፣ አፕዴት እንዳይዘጋ፣ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነት የሚከለክለው) እንዲበራ፣ ላፕቶፕ ኢንክሪፕት እንዲሆን (ቢሰረቅ ፋይሉ እንዳይነበብ እንዲቆለፍ) ከማድረግ እንጀምር።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንድ ሃላፊ "ይሄ ሶፍትዌር አልጫን አለኝ፣ ለዛሬ ብቻ ክፈትልኝ" ይላሉ፣ አይቲው አለቃውን እምቢ ማለት አይችልም፣ ይከፍታል፣ በዛው ተከፍቶ ይቀራል። እንደዚህ አይነት ፈቃድ በጽሁፍ ይሁን፣ ማን እንደፈቀደ፣ ለምን እንደሆነና መቼ እንደሚዘጋ ይመዝገብ። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ስር የሚያስተዳድር ሲስተም) ያለው መስሪያ ቤት ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ መሳሪያ ብዙውን ሴቲንግ ካንድ ቦታ ማስያዝ ይችላል፣ የሌለው ደግሞ በየወሩ የተወሰኑ ማሽኖችን እየመረጠ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክር፣ ብዙ ወጪ የለውም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ስንት ቢሮ ነው ስንት የዊንዶውስ 10 ማሽን እንደቀረው ቆጥሮ የሚያውቀው?

ውጤቱ ደግሞ አይቲ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ስንት ማሽን አፕዴት እንዳልሆነ፣ ስንቱ ላይ አድሚን ክፍት እንደሆነ፣ የማን ፈቃድ ጊዜው እንዳለፈ ማኔጅመንቱ ከሂሳብ ሪፖርቱ እኩል በየወሩ ይስማ፣ ለላይሰንስ መግዣ በጀት የሚፈቅደውም እሱ ነውና።