ሄድ ነርሷን ምን ያቆያታል?

ሰሞኑን ሦስት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ አብሬያቸው ነበርኩ። ሦስቱም ሆስፒታል የሠሩ ናቸው። መነሻቸው አንዲት ጎበዝ ሄድ ነርስ፣ ማለትም የአንድ ዋርድ ነርሶች ኃላፊ፣ «ኃላፊነቱ ይቅርብኝ፣ ወደ ተራ ነርስነት መልሱኝ» ማለቷ ነው።

የፋይናንሱ ሰው በአጭሩ ቋጨው። «ገንዘብ ነው። የኃላፊነቱ አበል ከተራ ነርስ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካነሰ ማን ይቀመጣል?»

ጡረታ የወጡት ሜትሮን (የሆስፒታል ነርሶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ የነበሩት) አልተዋጠላቸውም። «እኛ ለሙያው ስንል ነበር የምንቆየው። የዛሬ ልጆች ቶሎ ይሰለቻቸዋል።»

አሁንም ዋርድ የምትመራው ሦስተኛዋ ጣልቃ ገባች። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷ አልሰለቻትም። ማታ ቤቷ ገብታ ስልክ ይደወላል፤ አንዷ ተረኛ ቀርታለች። ከሌላ ዋርድ ሰው እንዳትወስድ ሥልጣን የላትም። እንዳትቀጥር በጀቱ በእጇ አይደለም። እረፍት ላይ ያለችውን ለምና ታስገባለች፤ ያቺም ታኮርፋታለች። ጠዋት ‹ዋርድሽ ለምን ሰው አነሰው?› ተብላ የምትጠየቀው ግን እሷው ናት።»

«ታዲያ ሌሎቹ ለምን አልለቀቁም?» አለ የፋይናንሱ ሰው።

«መቆየትማ ብዙ ዓይነት ነው። ጡረታዬ ይቀርብኛል ብላ የቆየች አለች። አብረውኝ የሚሠሩትን ነርሶች ጥዬ ብሄድ ምን ይሉኛል ያለችም አለች። ቦታውን ወዳ የምትሠራዋ ሌላ ናት።»

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሜየርና አለንም እ.ኤ.አ. በ1991 ለመሥሪያ ቤት መታመንን የከፈሉት በእነዚሁ ሦስት መንገዶች ነው፦ በመውደድ፣ የሚቀረውን በማስላት፣ በግዴታ ስሜት። ለሆስፒታሉ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስሌት ያስቀመጣት ኃላፊ ፊርማዋን ትፈርማለች፤ አዲስ ነርስ ቁጭ አድርጋ ለማስተማር ግን ልቧ እዚያ መሆን አለበት።

ሜትሮኗ ትንሽ አሰብ አደረጉና «በእኔ ጊዜ እኮ ዳይሬክተሩ ጠዋት ጠዋት ዋርድ ይዞሩ ነበር። ፈሳሽ መምጠጫው ሳክሽን ተበላሽቷል ካልኩ በማግስቱ ይጠገናል» አሉ።

«ይኸውልዎ ሲስተር! ለሙያው ብለው ሲቆዩ የሚሰማዎት ሰው ነበረዎት።»

እኔም የማምነው ይህን ነው። የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት ነርስ የሚስቡና የማይለቅባቸው ተብለው ከተጠቆሙ 163 ሆስፒታሎች 41ዱን መርጦ ነበር። እዚያ ከታዩት ነገሮች መካከል ነርሶች በውሳኔ መሳተፋቸውና የነርስ አመራሩ ጠንካራና በቅርብ የሚገኝ መሆኑ ይገኙበታል። የፋይናንሱ ሰውም አልተሳሳተም፤ ከበታቾቿ ያነሰ የሚከፈላት ኃላፊ ንቀት ቢሰማት አይፈረድባትም። ግን አበሉ ቢጨመርና የማታው ስልክ እንዳለ ቢቀጥል፣ መልቀቂያዋ ለጥቂት ወራት ይዘገይ እንደሆን እንጂ አይቀርም። በእሷ ቦታ ሰው ከመመደቡ በፊት፣ ተረኛ ሲጎድል ተኪ ከየትኛው ዋርድ መውሰድ እንደሚችል፣ ጥያቄውም በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይሰጠው።