«ለምን አልጮኸችም?» የሚለው ጥያቄ ይብቃ

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ራዲዮ ውይይት ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ስለ አስገድዶ መድፈር ክሶች ተጠየቁ። መልሳቸው ይሄ ነበር፦ «ውሻ እንኳን ሲረገጥ ይጮሃል። ያልጮኸች ልጅ ተገደድኩ ብትል ማን ያምናታል?» አዘጋጁ ሳቀ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ፣ ወሬው ተለወጠ።

ይህን ያለው የሰፈር ወሬኛ ቢሆን ኖሮ ትቼው አልፍ ነበር። እኚህ ሰው ግን ችሎት ፊት የሚቆሙ ናቸው። ምስክር ይመረምራሉ። የአንዲት ልጅ ዕጣ በእጃቸው የሚያልፍ ሰው የሰውን ተፈጥሮ በውሻ ሲለኩ ዝም ማለት አልችልም።

ለመሆኑ ውሻውስ ማስረጃ ይሆናል? ውሻን ሳያይ የረገጠ ሰው ሊበላው አልመጣም። እንስሳ ሲያዝና ማምለጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ይያዝ። መጀመሪያ ትፈራገጣለች፣ ትንጫጫለች። አጥብቀው መሬት ላይ ሲያስተኟት ግን ድንገት ፀጥ ትላለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ትተነፍሳለች። እጅዎን ቢያነሱላት እንኳ ለጥቂት ጊዜ ከተኛችበት አትነሳም። አትናቴዎስ ኪርከር የተባለ ጀርመናዊ ካህን ይህንን በ1646 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ዶሮዋ መያዙን ስለፈቀደች ነው ፀጥ ያለችው የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሰውም ላይ የሚሆነው ከዚህ አይርቅም። አደጋ ሲመጣ ሐሳብ ገና ሳይደርስ ሰውነት ይቀድማል። አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል። ዓይን ዙሪያውን ትቶ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይተከላል፣ ቢላዋ ላይ ወይም እጅ ላይ። ጆሮ አጠገቡ ያለውን ድምፅ ይጥላል። ጣት የስልክ መክፈቻ መንካት ያቅተዋል። ትምህርት ቤት የነገሩን መታገልና መሮጥን ብቻ ነው። መድረቅ የሚባል ሦስተኛ ነገር አለ፣ እሱን ያስተማረን የለም። ሰውነት መውጫ እንደሌለ ሲቆጥር ጡንቻ ይቆለፋል፣ ድምፅ አልወጣ ይላል። ይህን ማንም አስቦበት አይመርጠውም።

እስቲ እኛ ወንዶች ራሳችንን እንጠይቅ። ጎረቤቴ ጂም የሚሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎልማሳ ነው። አንድ ምሽት ከመገናኛ ወረድ ብሎ ማጅራት መቺዎች ከኋላ አንገቱን ይዘው ስልኩንና ቦርሳውን ወሰዱበት። አልጮኸም። አልታገለም። ከሄዱ በኋላም እዚያው ደርቆ ቆመ። አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ስልኳን ሰጠችው፣ ሚስቱ ጋ ይደውል ብላ። ቁጥሯ ጠፋበት። በየቀኑ የሚደውልበት ቁጥር! በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን አልታገልክ፣ ተመስገን ነፍስህ ተረፈች» አለው። ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክትም «ጮኸሃል ወይ?» ያለው የለም። የተጠየቀው የስልኩ ዓይነት ነው። ስልኩን ወድዶ ነው የሰጣቸው ብሎ የጠረጠረው አንድም ሰው አልነበረም። ስልክ የተቀማ ወንድ ዝምታው ብልህነት ተብሎ ከተመሰገነ፣ ሰውነቷ የተደፈረ ሴት ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ባለሙያው ይህን ይመልሱልኝ። ያው ድንጋጤ ነው፣ ያው አድሬናሊን ነው። የተለየው የተጠቃው ሰው ፆታ ብቻ ነው።

ለመድረቅ ደግሞ ጥቃት እንኳ አያስፈልግም። በ1977 እ.ኤ.አ. ቴነሪፍ በተባለችው የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ከአንደኛው የተረፉት እንደተናገሩት፣ ምንም ያልተጎዱ ሰዎች ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቱ እየመጣ ነው፣ መውጫው ክፍት ነው፣ እነሱ ግን አልተነሱም። ስለነዚህ ሰዎች «መሞት ፈልገው ነው» ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ስለ መደፈር የተሠራ ጥናትም አለ። ስቶክሆልም ውስጥ የተደፈሩ ሴቶችን የሚያክም ክሊኒክ 298 ሴቶችን ጠይቆ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ጉልህ በሆነ ደረጃ ደርቆ ነበር። ግማሽ ለሚሆኑት መድረቁ እጅግ የከፋ ነበር። ማለትም የጮኸችውን ብቻ እናምናለን ካልን፣ ከተጎዱት አብዛኞቹን ገና በሩ ላይ መለስናቸው ማለት ነው።

የራሳችን ሕግ እንኳ ከባለሙያው ይሻላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 የኃይል ሥራን ብቻ አይደለም የሚያነሳው። ብርቱ ማስፈራራትንም፣ መከላከል እንዳትችል ማድረግንም ይጨምራል። «ጩኸት» የሚል መስፈርት የለውም። መስፈርቱን ከኪሳቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው። የሐሰት ክስ አይኖርም አላልኩም። ይኖራል፣ በምርመራም ይጣራል። ጩኸት ግን የእውነት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ባለሙያው መጨረሻ ላይ «ሴቶች ካራቴ ይማሩ» ብለው ነበር። ራስን ለመከላከል መሠልጠንን እኔም እደግፋለሁ፣ አጥብቄ። ግን የቱን ሥልጠና? ፀጥ ባለ አዳራሽ፣ ፍራሽ ላይ፣ ከምታውቀው ጓደኛ ጋር እጅ መጠምዘዝ መማር ብቻውን ድንጋጤን አያሸንፍም። ካናዳ ውስጥ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎች የተሞከረ የ12 ሰዓት ሥልጠና አለ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት ብሮሹር ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ከ100 10 ገደማ ሲሆኑ፣ ከሠለጠኑት መካከል 5 ገደማ ነበሩ። ሥልጠናው ከቡጢ አልጀመረም። የሚያውቁት ሰው አደገኛ ሲሆን ቀድሞ መለየት፣ ይሉኝታን ሰብሮ «ተው!» ማለት፣ ከዚያ በኋላ ነው አካላዊ መከላከል። ይሉኝታ! እኛ አገር ልጅ የምታድገው በእሱ አይደለም እንዴ? ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ታላቅ አትመልሺ፣ እንግዳ አታሳፍሪ ስንል እናሳድጋታለን። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ለምን አልጮኽሽም እንላታለን።

ስለዚህ ሥልጠናው ጮክ ብሎ መጮኽን ማለማመድ አለበት፣ በየሳምንቱ፣ አፍ እስኪለምደው። ልብ እየደለቀ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ ስልክ አንስቶ ፖሊስ ጋ 991 መደወልን ማለማመድ አለበት። ብትደርቂም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም የሚለው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት። በጥፋተኝነት ስሜት የታሰረች ልጅ ሐኪም ጋም፣ ጣቢያም አትሄድም።

ከልጆቹ በፊት ግን መሠልጠን ያለበት ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው መርማሪ ነው። ድንጋጤ ውስጥ የተቀረጸ ትዝታ ቁርጥራጭ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሊምታታ፣ አንድ ድምፅ ወይም ሽታ ግን ላይረሳ ይችላል። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ በቅደም ተከተል ተናገሪ» የተባለች ልጅ ብትቀላቅል ዋሸች ማለት አይደለም። መርማሪው «ምን ትዝ ይልሻል? ምን ሰማሽ? ምን ሸተተሽ?» ብሎ ይጀምር። ሰውነቷ ምን ሆኖ እንደነበር ይጠይቃት፣ መልሷንም ቃል በቃል ይጻፍ፤ መድረቋም ራሱ ማስረጃ ነው። የዚህን መሠረት ለመያዝ አንድ መርማሪ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ግማሽ ቀን ያልመደበ ተቋም «ማስረጃ አጣን» ብሎ መዝገብ ሲዘጋ እኔ አልቀበለውም።