ካሎሪ መቀነስ ብቻውን አይበቃም
የስኳር ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ወደ ቤት ስለሚላክ ምግብ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ የምግቡ ካሎሪ ከተቀነሰ የአረጋውያኑ የደም ስኳርም ክብደትም አብሮ ይወርዳል ማለቱ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የደም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ምግቡ ከዘገየበት፣ ወይም መጥቶለት ጥቂት ብቻ ከቀመሰ፣ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ በላብና በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በግራ መጋባት ወይም በመውደቅ ስለሚገለጥ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እናቴን ሳስታምም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ መርፌዋን በሰዓቱ ወስዳ፣ የታሸገውን ክዳን መላጥ ጣቶቿ እምቢ ስላሏት ምሳዋ ሳይነካ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ ነበር። በጽሑፉ ሥር «ሥጋና እንቁላሉም ይቀነስ» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ በቂ ፕሮቲን ሳይበሉ የሚቀነስ ክብደት ከስቡ ጋር ጡንቻንም ይዞ እንደሚሄድ ላስታውስ እወዳለሁ፤ ለአረጋውያን በብዛት የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ሲሆን፣ ኩላሊታቸው የተጎዳ ከሆነ ግን ልኩን ሐኪም ይወስን። አቅራቢዎቹ የካርቦሃይድሬቱን መጠን በትልልቅ ፊደል ቢጽፉ፣ የመድረሻ ሰዓቱን ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ቢያስማሙና ምግቡን ያደረሰው ሰው ክዳኑን ከፍቶላቸው ቢሄድ፣ ካሎሪ ከመቁጠር ያላነሰ ጥቅም ይኖረዋል።